ዘበኛ ያየው ኤሌክትሮን

የቶምሰን ቤተሰብ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። አባትየው ጆሴፍ ጆን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ፣ ከአቶም እጅግ ያነሰና ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ቅንጣት መኖሩን አሳወቀ። ዛሬ ኤሌክትሮን የምንለው እሱን ነው። ኤሌክትሪክ በጋዝ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ባደረገው ምርምርም በ1906 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ልጁ ጆርጅ ፓጄት ቶምሰን የአባቱን ሙያ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1927 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ፣ ኤሌክትሮኖችን እጅግ ስስ በሆነ የብረት ቅጠል ውስጥ አሳልፎ ከወዲያ በኩል ፎቶ አነሳቸው። ፎቶው ላይ የታዩት አንዱ በሌላው ውስጥ የተሳሉ ቀለበቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሠራው ደግሞ ሞገድ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ክሊንተን ዴቪሰንም በሌላ መንገድ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ ሁለቱም በ1937 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። አባትየው ያረፈው በ1940 ስለሆነ የልጁን ሽልማት ለማየት በቅቷል።

እንግዲህ አባት ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን አሳየ፤ ልጅ ደግሞ ሞገድ መሆኑን። በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ አባትና ልጅ ስለ አንድ ነገር ሁለት የማይገናኝ ነገር ተናግረው ሁለቱም እውነት ሆነላቸው። ታዲያ ኤሌክትሮን የቱ ነው? መቼ ነው እንደ ቅንጣት፣ መቼስ ነው እንደ ሞገድ የሚሆነው? የዚህ ጥያቄ መልስ በተግባር የተፈተነው ልጅየው ከተሸለመ ከ60 ዓመት በኋላ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ አሥር እጥፍ በሚያንሱ መሣሪያዎች ውስጥ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚያ ነው።

የሳፋው ሙከራ

ነገሩን ለመረዳት ከልጆችዎ ጋር ቤት ውስጥ ሊሠሩት ከሚችሉት እንጀምር። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውሃ ይሙሉና እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚያ ሁለት ጣቶችዎን ትንሽ አራርቀው፣ በእኩል ምት፣ የውሃውን ፊት ነካ ነካ ያድርጉ። ከሁለቱም ጣቶች ክብ ሞገዶች ይነሳሉ። የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ሲገጥም ውሃው ከወትሮው በላይ ከፍ ይላል። ከፍታ ከዝቅታ ጋር ሲገጥም ደግሞ ይጣፋሉ፤ ውሃው ምንም ያልነካው ይመስል ጸጥ ይላል። ባለሙያዎች ይህን የሞገዶች መጠላለፍ «ኢንተርፌረንስ» ይሉታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብርሃን ሞገድ መሆኑን ያሳየው በዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ ሽምብራ ይርጩ። ሽምብራው ከሥር ሁለት ክምር ይሠራል። እያንዳንዱ ፍሬ ወይ በዚህ ወይ በዚያ ቀዳዳ አልፏል፤ ሽምብራ ከሽምብራ ጋር ተጣፍቶ ባዶ ቦታ አይተውም። የቅንጣት ጠባይ ይህ ነው።

የኤሌክትሮንን ጠባይ በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ የተሠራው በጃፓኑ ሂታቺ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጽሑፍ ኤሌክትሮኖችን በሁለት መንገድ ሊያልፉ በሚችሉበት መሣሪያ ውስጥ አንድ በአንድ ለቀቁ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን መጨረሻ ላይ ያረፈው በአንዲት ነጥብ ላይ ነው፤ ልክ እንደ ሽምብራ። መጀመሪያ ነጥቦቹ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ይመስሉ ነበር። በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ስክሪኑ ላይ ዥንጉርጉር መስመሮች ወጡ፤ ልክ እንደ ሳፋው ውሃ፣ ብዙ ያረፈበትና ምንም ያላረፈበት ቦታ እየተፈራረቀ።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ኤሌክትሮኖቹ የተለቀቁት አንድ በአንድ ነው። አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና አልተነሳም። ታዲያ ብቻውን የተጓዘ ኤሌክትሮን ከማን ጋር ተጠላለፈ? የፊዚክስ መልስ፣ ከራሱ ጋር የሚል ነው። ሁለቱም መንገዶች ክፍት ሆነው እስከጠበቁት ድረስ የኤሌክትሮኑ ሞገድ በሁለቱም ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ሲገናኝም ይጠላለፋል።

«በየትኛው በር ገባህ?»

ማንም ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው። በአንደኛው በር ላይ ዘበኛ እናቁምና ኤሌክትሮኑ በየት በኩል እንዳለፈ ይንገረን። አልበርት አይንስታይንና ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1927 በብራሰልስ በተካሄደው የሶልቬይ ጉባኤ ላይ የተከራከሩበትም ነገር ከዚሁ የተነሳ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው፣ ዘበኛው መንገዱን ማወቅ ከቻለ ዥንጉርጉሩ መስመር ይጠፋል፤ ኤሌክትሮኑም እንደ ሽምብራ ይሆናል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ለብዙ አሠርት ዓመታት በወረቀትና በክርክር ደረጃ የቆየ ነበር። ኤሌክትሮንን ሳይነካ የሚያይ፣ የእይታውንም ኃይል እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሊያደርጉት የሚቻል ዘበኛ መሥራት ቀላል አልነበረም።

ያን ዘበኛ የሠራው በእስራኤል የሚገኘው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ነው። ተቋሙ ያለው ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በሬሆቮት ከተማ ነው። በፕሮፌሰር መርደካይ ሃይብሉም የሚመራው ቡድን፣ ኤያል ቡክስ፣ ሮልፍ ሹስተር፣ ዲያና ማሃሉና ቭላድሚር ኡማንስኪ ያሉበት፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ።

መሣሪያው እንዲህ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ በተባለ ማዕድን መሰል ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ስስ ሉህ ተነጥፈው በነፃነት ይንቀሳቀሳሉ። ከላይ በኩል በጣም ቀጫጭን የብረት መስመሮች ይሳሉበታል። ለእነዚህ መስመሮች ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ከሥራቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች ይገፋሉ፤ ሳይገፋ የቀረው ቦታ ለኤሌክትሮኖች መንገድ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ሁለት መንገድ ያለው ቀለበት ሠሩ። ሁሉም ነገር የሚከናወነው ከፍፁም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጥቂት ክፍልፋይ ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ሙቀት ራሱ ኤሌክትሮኑን ስለሚረብሸው እንዲህ መቀዝቀዝ ግድ ነው።

ከሁለቱ መንገዶች በአንደኛው ላይ «ኳንተም ዶት» የሚባል ትንሽ ማረፊያ አበጁ። ኤሌክትሮኑ ሲያልፍ እዚያ ለቅጽበት አረፍ ይላል። ባያርፍ ኖሮ ከፍጥነቱ የተነሳ ማንም ዘበኛ አይደርስበትም ነበር። ከማረፊያው አጠገብ ደግሞ፣ በግድግዳ ተለይቶ፣ ሌላ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያልፍበት እጅግ ጠባብ በር ሠሩ። ዘበኛው ይህ በር ነው። ኤሌክትሮኖች ሁሉ ተመሳሳይ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን ማረፊያው ውስጥ ሲገባ በጠባቡ በር የሚያልፈው ፍሰት በጥቂቱ ይለወጣል። ግድግዳም ጆሮ አለው እንደሚባለው ነው፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ዘበኛው አልሄደም፣ ዘበኛውም ወደ ኤሌክትሮኑ አልመጣም፤ ነገር ግን መኖሩ ተሰምቷል።

እዚህ ዥንጉርጉር የሚታይበት ስክሪን የለም። በምትኩ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈውን መግነጢሳዊ መስክ ቀስ በቀስ ይለዋውጣሉ። በዚህ ጊዜ በሁለቱ መንገዶች የሚመጡት ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣፋሉ፤ የሚለካው ፍሰትም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ያኪር አሃሮኖቭና ዴቪድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1959 ያመለከቱት ክስተት ነው። የከፍ ዝቅታው ስፋት የኤሌክትሮኑ ሞገድነት ምን ያህል እንደተጠበቀ ይናገራል።

ተመራማሪዎቹ የዘበኛውን ቮልቴጅ ከፍ ሲያደርጉ፣ ማለትም ዘበኛው ይበልጥ እንዲነቃ ሲያደርጉ፣ ከፍ ዝቅታው እየቀነሰ ሄደ። ዘበኛው ሲደክም ደግሞ ተመለሰ። የሙከራው ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮኑ በአንድ ጊዜ ከሞገድነት ወደ ቅንጣትነት አልዘለለም። ዘበኛው መንገዱን በጥቂቱ መለየት ሲችል ሞገድነቱ በጥቂቱ ደበዘዘ፤ አብዝቶ መለየት ሲችል አብዝቶ ደበዘዘ።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። የዘበኛውን መዝገብ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን እየተከታተለ ያነበበ ሰው አልነበረም። መረጃው በጠባቡ በር ፍሰት ውስጥ አሻራውን ማሳረፉ ብቻ በቂ ነበር።

የዙሪኩ ዘበኛ

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ኤሌክትሮንን ያየ ሁሉ ሞገዱን ያጠፋል» ብለን እንደመድም ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራው ሥራ ግን አባባሉን አስተካክሎታል።

በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ሲሞን ጉስታቭሰን፣ ቶማስ ኢን፣ ክላውስ ኤንስሊንና ባልደረቦቻቸው ሁለት ማረፊያዎች ያሉበት ቀለበት ሠሩ። አጠገቡም ያንኑ ዓይነት ጠባብ በር ዘበኛ አድርገው አቆሙ። ይህ ዘበኛ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ፣ በገቡበት ቅጽበት፣ ይቆጥራል። ምን ያህል ረቂቅ ሥራ እንደሆነ ለመገመት፣ ስልክዎን በ1 አምፔር ሲሞሉ በየሴኮንዱ ወደ 6 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን የሚጠጉ ኤሌክትሮኖች በሽቦው እንደሚያልፉ ያስቡ። የዙሪኩ ዘበኛ ከእነዚያ አንዷ ብትመጣ «አንድ» ብሎ ይመዘግባል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን እየተቆጠረም መጠላለፉ ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ታየ። የሬሆቮቱ ዘበኛ ሞገዱን ሲያደበዝዝ የዙሪኩ ለምን ሳይነካው ቀረ?

ልዩነቱ የጠየቁት ጥያቄ ነው። የግቢ ዘበኛ ሁለት ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ዘበኛ «ደረስህ?» ብሎ ይጠይቅና ስም ይመዘግባል። ሌላው ግን «በአስፋልቱ መጣህ ወይስ በኮብልስቶኑ?» ብሎ ይመረምራል። የዙሪኩ ዘበኛ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የጠየቀው። ኤሌክትሮኑ መድረሱን ያውቃል፤ ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው እንደመጣ ግን የሚነግረው ምንም አሻራ የለም። አሻራ ከሌለ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው፤ ክፍት ከሆኑም ሞገዱ ይጠላለፋል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የዘበኛውን ቮልቴጅ ከመጠን በላይ ሲጨምሩ መጠላለፉ መበላሸት ጀመረ። ምክንያቱን ሲያስረዱም፣ ጠባቡ በር ራሱ ጨረር እያመነጨ በማረፊያዎቹ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ስለሚረብሽ ነው ብለዋል። ስለዚህ ዘበኛ በሁለት መንገድ ጉዳት ያደርሳል፤ ወይ መንገዱን በማወቅ፣ ወይ በጩኸቱ።

የሬሆቮቱ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉድ አሳየ። በዚህ ጊዜ ሁለት ተመሳሳይ ባለ ሁለት መንገድ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሆነው ተጣመሩ፤ አንደኛው ተጓዡ፣ ሁለተኛው ዘበኛው ነው። በዘበኛው ላይ መረጃው ሲያርፍ የተጓዡ ሞገድ ደበዘዘ። ነገር ግን ዘበኛው የመንገዱን መረጃ በሚሰርዝ አኳኋን ሲለካና የሁለቱ መዝገብ አንድ ላይ ሲተያይ፣ ጠፋ የተባለው መጠላለፍ እንደገና ተገኘ። ሞገዱ ለካ አልሞተም፤ በሁለቱ መካከል ተደብቆ ነበር።

የሰው ሐሳብ ወይስ የመሣሪያ አሻራ?

ይህን ሁሉ ለቤተሰብ ዓምድ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ኳንተም» የሚለው ቃል ዛሬ በስልካችን በኩል በየቤታችን ገብቷል። «ኤሌክትሮን ሲያዩት እንደሚለወጥ ሳይንስ አረጋግጧል፤ ስለዚህ አንተም በሐሳብህ ብቻ ገንዘብ፣ ጤና፣ ዕድል መሳብ ትችላለህ» የሚሉ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው። «ኳንተም» የሚል ስም የተለጠፈበት አምባርና ማሽን ለሕመምተኛ የሚሸጥም አለ። ቃሉ የተማረ ስለሚመስል፣ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ በተስፋ ሊያዝ ይችላል።

ሙከራዎቹ ራሳቸው የሚሉትን እንስማ። አንደኛ፣ ኤሌክትሮኑን ያየው ዘበኛ ነፍስም ሐሳብም የለውም፤ በጠባብ በር የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ሁለተኛ፣ ሰው መዝገቡን ባያነበውም ውጤቱ ያው ነው። ሦስተኛ፣ ለውጡ የመጣው ተመራማሪው ስለተመኘ ሳይሆን በቻርጅ መገፋፋት ምክንያት ስለሆነ መጠኑ በቮልቴጅ ይሰላል፣ ይለካልም። አራተኛ፣ ሙከራው የሚሳካው ከፍፁም ዜሮ ብዙም በማይርቅ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። 37 ዲግሪ በሚሞቀው የሰው ገላ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል በዙሪያው ካሉት ጋር ያለማቋረጥ ይጋጫል፤ በሌላ አነጋገር በየቅጽበቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዘበኞች ያዩታል። የሰው ሐሳብ የራሱ ኃይል ይኖረው ይሆናል፤ ምስክርነቱን ግን ከኤሌክትሮን ሙከራ ሊያገኝ አይችልም።

ስለዚህ «ኳንተም ነው» ብሎ መድኃኒት የሚሸጥልዎ ሰው ከመጣ፣ ምን እንደተለካ፣ በምን መሣሪያ እንደተለካ፣ ማን ደግሞ እንደሞከረው ይጠይቁት። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ግን በእሱ ቃል አያቋርጡ።

አክንባሎውን መቼ እንክፈት?

የዚህ ምርምር እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። በዚያው በ1998፣ ዳንኤል ሎስና ዴቪድ ዲቪንሴንዞ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በኳንተም ዶት ውስጥ የተያዘ ነጠላ ኤሌክትሮን ለኳንተም ኮምፒዩተር የሒሳብ አሃድ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኔዘርላንድስ፣ በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎች በማረፊያ ውስጥ ያለን የአንድ ነጠላ ኤሌክትሮን ስፒን፣ ማለትም መግነጢሳዊ አቅጣጫውን፣ በአንድ ሙከራ ማንበብ ቻሉ። ያነበበላቸው ያው የምናውቀው ዘበኛ፣ ጠባቡ በር ነው።

ኳንተም ኮምፒዩተር የመሥራት ዋናው ችግርም ከዚህ ታሪክ ይገባናል። ስሌቱ እየተካሄደ ሳለ የኤሌክትሮኑ ሞገድ ሳይደበዝዝ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ማንም ዘበኛ ሊያየው አይገባም። ስሌቱ ሲያልቅ ግን መልሱ መነበብ አለበት፤ ያለ ዘበኛ ደግሞ መልስ የለም። እንጀራ ጋግረው የሚያውቁ ሁሉ ነገሩ ይገባቸዋል። ሊጡ ምጣዱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ አክንባሎውን ያለ ጊዜው የከፈተ እንጀራውን ያበላሻል፤ ጨርሶ የማይከፍት ደግሞ አይበላም። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚደክሙት ሊጡ በሚበስልበት ጊዜ አክንባሎውን አጥብቀው ለመዝጋት፣ ሲደርስ ደግሞ በፍጥነትና በትክክል ለመክፈት ነው። ከክዳኑ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባ ጥቂት ሙቀት ወይም በአጠገቡ የቀረ አንድ ነቄ ዘበኛ ሥራውን ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል።

ወደ አባትና ልጅ ቶምሰን እንመለስ። ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ኤሌክትሮን ቅንጣት ነው ወይስ ሞገድ?» ብሎ ቢጠይቅዎት፣ ሳፋውንና ሽምብራውን አምጡና አሳዩት። ከዚያ እንዲህ ብለው ይንገሩት፦ የሄደበት መንገድ አሻራ ካልተወ እንደ ውሃው ይጠላለፋል፤ አሻራ ከተወ እንደ ሽምብራው በአንድ በኩል አልፎ ይገኛል፤ አሻራው ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ በመካከል ነው። አባትየው ኤሌክትሮኑ ያረፈበትን አየ፤ ልጅየው የተጓዘበትን። ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር።